በስሜ የወጣው የሳህራ ካሴት

ሰው ፈልጎኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። ፊት እንደፈለጉት ይሆናል፤ እጅ ግን የያዘውን ይዞ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሰሞን እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር አሮጌ ጎማ ከምሸጥባት ሱቄ ደጅ የቆመችው ልጅ በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች፣ በሌላው ጊታር የሚይዝ ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥላለች። ጎማ ልትገዛ እንዳልመጣች ገባኝ። ነጭ የስፖርት ጫማ፣ ቡናማ ሻሽ፣ አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ። መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ደጄ ሲቆም ደስ አይለኝም። በዚህ ከተማ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር፣ መታወቂያ አንጠልጥሎ የመጣብኝ ሰው ወይ ሊያስከፍለኝ ነው ወይ ሊያስወጣኝ።

«አደር ተፈራ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ በሶማሊኛ። አደር አጎቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲያከብሩ እንዲያ ይላሉ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ማንም ያልላከው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም» አልኳት።

ሳቀች። ኢፍራህ እንደምትባል፣ ቤታቸው ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር እንደሆነ፣ ቀን ቢሮ ውላ ማታ ዘፈን እንደምትሠራ ነገረችኝ። ግጥሙን ራሷ ትጽፋለች፣ ዜማውን ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትጫወታለች፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ በኮምፒውተር ራሷ ትቀዳለች። አሳታሚ የላት፣ ባንድ የላት። የመጀመሪያ አልበሟ ሊወጣ ነው። «ቢሮ ያሉት ሁሉ ማን ነው የሚጽፍልሽ ይሉኛል» አለች፣ አፏን አጣማ። «አንዱ ዘፈን ግን የእኔ አይደለም። የእርስዎ ነው። የኮፒራይት ነገር ስላለ ፈቃድዎን ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

ከዚያ ስልኳን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። መጀመሪያ የአሮጌ ካሴት መንሿሿት፤ ቀጥሎ የፋራህ ድምፅ፣ ያ ካሴት ሻጩ ፋራህ፣ አፈር ይቅለለውና፤ «ቃል፦ ተፈራ ሐበሺ። ዜማ፦ ተፈራ ሐበሺ። ድምፅ፦ ሳህራ» ይላል። ከዚያ ኡዱ፣ የዐረቦቹ ክራር፣ ገባ። ከዚያ ሳህራ። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሰው ያስላል። ያ የሚያስለው እኔ ነኝ። ወንበሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ካሴቱን ከእናቷ ሣጥን ውስጥ እንዳገኘችው ትነግረኛለች፤ እኔ ግን ከየት አመጣችው፣ ለምን አሁን፣ ማን ይሆን ከኋላዋ ያለው እያልኩ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶቻችን፤ እኔ ገና ስላልተመነጠርኩ ነው እዚህ ያለሁት።

በዚያ ካሴት ላይ የእኔ የሆነ አንድ ቃል የለም። ቃሉም ዜማውም ድምፁም የሳህራ ነው። ስሜ እዚያ እንዴት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አሁን በሕይወት ካለ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ስሟን እኔ ጋ አደራ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ልጅቱ ፈቃድ ስትጠይቀኝ ልቤ የደነገጠው ለዚህ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ለመጣ ሁሉ አይመለስም፤ ለሚገባው ሰው ካልተመለሰም ይዘውት ይሞታሉ።

አዲሱ ሽልንግ በወጣ ሰሞን ነው። ቀንና ዓመት አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በሻሂ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻሂ በግመል ወተት የሚገዛበት የድሮው ብር ተቆልሎ ሲቀመጥ ከብርጭቆው ይረዝም ነበር፤ አዲሱ ሲመጣ ቁልሉ አጠረ፣ ሰውም ከሻሂው ይልቅ አዲሱን ብር በፀሐይ እያገላበጠ ማየት ያዘ። ያን ጊዜ ሐርጌሳ ጣራ አልነበራትም። በመጀመሪያው ጦርነት ከገዛ አየር ማረፊያዋ የተነሡ የመንግሥት አውሮፕላኖች አፍርሰዋታል፤ እነሱ የተዉትን ደግሞ ሌባ ጨረሰው። ቆርቆሮ፣ በር፣ የመስኮት ብረት ሳይቀር እየተነቀለ ድንበር ተሻግሮ ተሸጧል። ከጅግጅጋ ሽንኩርትና ድንች ጭኜ ስመጣ፣ ቆርቆሮ የጫኑ መኪኖች ወደዚያ ሲሄዱ በመንገድ እንተላለፍ ነበር። ጥሩምባ ተነፋፍተን እናልፋለን፤ ማን የማንን ጣራ እንደጫነ የሚጠይቅ የለም። ከስደት ጣቢያ የተመለሱት ሰዎች ግድግዳቸው መሐል ሸራ ወጥረው ይኖራሉ፤ ነፋስ ሲነሣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር በሙሉ እንደ መርከብ ሸራ ይርገበገባል። ወንዶቹ ከታች ሽርጥ፣ ከላይ የወታደር ጃኬት። ልጃገረዶቹ አበባ ያለበት ስስ ድሪያ ቀሚስ። ከየሻሂ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የተቀዳ የፍቅር ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ባዶ ካሴት ማግኘት ግን ስኳር ከማግኘት ይከብዳል።

የምነዳው የጭነት መኪና ኤንትሬ ነበር፣ ተሳቢ የሌለው፣ ጋቢናው ሰማያዊ። የነዳጅ ፖምፓው ተበላሽቶ ጅግጅጋ ያር ካንድ ሻሂ ቤት ጀርባ ቆመ። ባለቤቱ ድሬዳዋ ሆኖ፣ «ዕቃው እስኪመጣ ከመኪናው እንዳትለይ» ብሎ ላከብኝ። እኔም አልተለየሁም። ማታ ጎማ ይሰረቃል፣ ቀን ባትሪ። እዚያው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በጎማዬ የመጣ እያልኩ ስጠረጥር እውላለሁ። ሰላም የሚለኝ ሰው ሰላምታው ረዘም ካለ ባትሪዬን እዳስሳለሁ።

ሳህራ የመጣችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወንዶቹ ጫት ላይ ተቀምጠው ሰፈሩ ፀጥ ሲል። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ሆዱ የተነፋ ኡድ በጨርቅ ጠቅልላ ያቀፈች። በስደቱ ዘመን ድንበር ማዶ ለእኛ ሾፌሮች ሻሂ እየሸጠች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ አማርኛዋ የሾፌር አማርኛ ነው፣ ስድቡ ሳይቀር።

«ሾፌር፣ ጋቢናህን አከራየኝ» አለች።

«ለምን?»

«ልዘፍንበት።»

ኡዱን ተቀብዬ ነቀነቅኩት፤ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። አንድ ነገር ኳ አለ። የተሰበረ የእንጨት ቁራጭ ነው አለች። በቀዳዳው አጮለቅኩ፤ እውነትም የእንጨት ቁራጭ ነው። አላመንኩም እንጂ።

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«ወንድም የለኝም።»

«ባልሽስ?»

«ባል ቢኖረኝ ጋቢና እለምን ነበር?» አለችና ግቢውን በእጇ ዞር አድርጋ አሳየችኝ። «እይ እስቲ። ቤቴ ጣራ የለውም፤ ስዘፍን ድምፄ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ነፋሱ ቴፑ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሰፈር ጣራም መስታወትም ያለው ክፍል ያንተ ጋቢና ብቻ ነው። ባትሪም አለህ።»

ባትሪ ስትል ዓይኔ ፈጠጠ። ሌባ ናት አልኩ በሆዴ። ማታ ደግሞ አይ፣ የአየር ማረፊያዎቹ ሰላይ ናት አልኩ፤ ያን ጊዜ አየር ማረፊያውን የያዙት ታጣቂዎችና መሐል ከተማውን የያዙት በጎሪጥ መተያየት ጀምረው ነበር፤ ሰው ሁሉ የማን ነህ ይባላል። በማግስቱ ደግሞ ምናልባት ባል ፈልጋ ይሆናል ብዬ ጢሜን ተላጨሁ። ሦስቱም አልነበረችም። ኪራዩ፣ እኔ ምሳ ስሄድ መኪናውን እንድትጠብቅልኝ፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ በጋሪ ገፍታ ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ጋ ወስዳ እንድታስሞላው ሆነ። እኔ ግን ምሳ ስሄድ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ነበር የምሄደው፤ ፖምፓ የሌለው መኪና ሊነዳብኝ።

አቀዳዷ እንዲህ ነው። ብርድ ልብሴን መስታወቱ ላይ ትሰቅላለች። ከተዋሰችው ቴፕ ሪከርደር ሁለት ሽቦ ስባ ባትሪው ላይ ታስነክሳለች። በሩን ትዘጋለች። ውስጡ እሳት ነው፤ ላብ ጠብ ጠብ እያለ ኡዱ ላይ እንዳይወድቅ ክንዷን በፎጣ ትጠቀልላለች። ከኡዱ አንድ ክር ጎድሎ ነበር፤ ከበርበራ የመጣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ለምኜ አመጣሁላት፣ እሱን ወጥራ ድምፁን አስተካከለችው። እኔ ውጭ ሆኜ ፍየል አባርራለሁ። አንዳንድ ቀን ሙሉ ከሰዓቱ ለአንድ ስንኝ ይሄዳል። ትጀምራለች፣ ታቆማለች፣ ዜማውን ትለውጣለች፣ ቃሉን ትነቅላለች። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ትልና፣ «ሾፌር፣ በናንተ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ይመታል አይመታም?» ትለኛለች። አማርኛ አድርጋ ትነግረኛለች። እኔ የምሰማው የገበያና የመንገድ ሶማሊኛ ነበር፣ ግጥሙ አይገባኝም፤ እሷ ደግሞ ቃሉ በሌላ ቋንቋ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ጥሩ ቃል ነው የምትል ነገር ነበራት። ከጣራው ዘፈን ዛሬም የማልረሳው ይኸ ነው፦

ቆርቆሮውን ነቅለው ወስደው ሸጡብኝ፣
ሰማዬ ብቻውን ሳይነቀል ቀረኝ።
በር የለውም ቤቴ እንግዳዬ ግባ፣
አንኳኩቶ አይደለም ዝናቡም የገባ።

ታዲያ እኔ ጠርጣራው፣ እዚያ ውስጥ የምትለው ለኔ የምትነግረኝን ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ጆሮዬን ጋቢናው በር ላይ ለጥፌ ቆምኩ። የጅግጅጋ ያር አቧራ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ታገልኩ፣ ታገልኩ፣ በመጨረሻ ያ ሳል ፈነዳ። ሳል ይዞ ስርቆት ቂም ይዞ ጸሎት የሚሉት ተረት ያን ቀን ነው የገባኝ። እሷ እስከ መጨረሻው ዘፍና በሩን በረገደችው።

«ገብተሃል! ካሴቱ ውስጥ ገብተሃል!»

«እንደገና ዝፈኚው» አልኳት።

«በምን ባትሪ? ደግሞ እንዲህ አድርጌ ሁለተኛ አልዘፍነውም። እንዲህ ያለው ይመጣል፣ ይሄዳል።» እውነትም ባትሪው ደክሞ ነበር። ሳሌ እዚያው ቀረ።

ዘፈኖቹ አልቀው ካሴቱ ሲሞላ ወደ ፋራህ ሱቅ ይዛው ሄደች፤ እኔም ተከትያት ሄድኩ፣ ፋራህን አላምነውማ። ፋራህ ካሴት አባዝቶ የሚሸጥ፣ ጥርሱ በጫት አረንጓዴ የሆነ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። በዚህ አገር የዘፈን ሥርዓት አለው። ቃሉን የሚገጥመው ባለቅኔ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወንድ። ዜማውን ሌላ ሰው ያወጣዋል። ዘፋኙ ድምፁን ያዋጣል። ካሴቱ ሲጀምር የሦስቱም ስም ይጠራል፤ ሰሚው የባለቅኔውን ስም ሲሰማ የማን ወገን እንደሆነ ያውቅና ዘፈኑን እንዴት እንደሚሰማው ይወስናል። ፋራህ ማይኩን አዘጋጅቶ ጠየቃት።

«ቃል?»

«ሳህራ።»

«ዜማ?»

«ሳህራ።»

«ድምፅ?»

«እየሰማኸው ነው እኮ።»

«ወላሂ እህቴ፣ እኔ ካሴት ሻጭ ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም» አላት። «ሦስቱንም አንዲት ሴት? የሰውየውን ስም ንገሪኝ፣ በሹክሹክታም ቢሆን።»

«ሰውየ የለም።»

ፋራህ ግን ገበያ ያውቃል፤ የሷን ስም ሦስቴ ጠርቶ ጥቂት አባዛ። ካሴቱ ከሻሂ ቤት ሻሂ ቤት ሲዞር አየር ማረፊያው አካባቢ ተኩስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዘፈን መሆኑ ቀረ። ከተማው ቆርቆሮ ያልነቀለ ወገን ስላልነበረው ሁሉም እኔን ነው የሰደበችው አለ። የመሐል ከተማዎቹ፣ ቃሉ የአየር ማረፊያዎቹ ባለቅኔ ነው አሉ። የአየር ማረፊያዎቹም ቃሉ የመሐል ከተማው ባለቅኔ ነው እያሉ መሆኑን ሰማን። እሷ ጻፈችው ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ የሚወዷት ጎረቤቶቿ እንኳ «ሴትዮዋማ ምን ታድርግ፣ የሰጧትን ነው የዘፈነችው» እያሉ ሊያድኗት ይሞክሩ ነበር። ከዚያ አንዱ ጆሮ ያለው፣ ካሴቱን መልሶ መልሶ ሲሰማ ቆይቶ፣ ሳሉን አገኘ። «ወንድ አለ!» አለ። ወሬው በየሰፈሩ ሮጠ። ባለቅኔው አብሯት ነበር፤ ተሸሽጎ ነበር፤ አስሏል። እኔ ይህን ስሰማ ከመኪናው ሥር ሳልወጣ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ሲበላኝ እንኳ ውኃ እየጠጣሁ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ ግራሩ ሥር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። መሐላቸው የተቀመጡት ሐጂ ኑር ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በወጣትነታቸው ጅግጅጋ ሱቅ የነበራቸው፣ ነገር ሲሰሙ ከዘራቸውን የሚያሹ ሽማግሌ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጎረምሶች ዳር ቆመዋል። ቴፑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳሌ ይደጋገማል፤ ይሰማሉ፣ ያጠነጥናሉ፣ ይመልሳሉ። እኔ ከኋላ፣ ከሌሎቹ ቆመው ከሚያዩት መሐል ነኝ።

«ልጄ፣ ቃሉ የማን ነው?» አሏት ሐጂ ኑር።

«የኔ።»

ሰው ሳቀ። ከጎረምሶቹ አንዱ ግን አልሳቀም። «ሰውየውን ካልነገረችን ይዘናት እንሄዳለን» አለ። «እኛ ጋ ስትሆን ትናገራለች።» እንዲያ የተወሰዱ ሰዎች እንዴት እንደሚመለሱ እናውቃለን፤ አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ፋራህ አንገቱን ደፋ። ሳህራ የተቀመጡትን ወንዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። የማንኛቸውንም ዘመድ ስም ብትጠራ ያ ሰው ሞቷል። ከዚያ ዞር አለችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እሱ ነው። የጻፈውም እሱ ነው፣ ያሳለውም እሱ ነው።»

ሸጠችኝ አልኩ። ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር አልኩ። ጋቢና፣ ባትሪ፣ የዓሣ ክር፣ ሁሉ ለዚህ ነው አልኩ። ጎረምሶቹ ክንዴን ይዘው መሐል አቆሙኝ።

«አስል እስቲ» አሉኝ ሐጂ ኑር።

የደነገጠ ሰው እንዴት ያስላል? ጉሮሮዬ ደርቆ ፉጨት ብቻ ወጣ። ከዚያ ራሱ መጣ፣ ያው አቧራው፣ አንዴ ከጀመረ አላቆም አለ። ቴፑን አስጮኹት፤ እኔም አስላለሁ፣ ቴፑም ያስላል። አንድ ነው አሉ፤ ተስማሙ። ያን ዕለት በዚያ ግራር ሥር ሁሉም የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«ቃሉንስ የጻፍከው አንተ ነህ?»

ሳህራን አየኋት። ዓይኗ ውስጥ የሻጭ ነገር የለም፤ የምትለምን ሰው ነገር ነው ያለው። ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። እኔ ሐበሻ ነኝ፤ በዚህ አገር ወገን የለኝም፣ ደም የሚመልስልኝም የሚከፍልልኝም የለም። በእኔ ስም የተሰደበ ሰው የሚዘምትበት ጎሳ የለውም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። በቋንቋዬ አልኩት፤ እሷ ወደናንተ መለሰችው።»

«በቋንቋህ በለው እስቲ።»

አልኩት። ቆርቆሮውን፣ ሰማዩን፣ እንግዳውን፣ ዝናቡን፣ እሷ በመስኮት ብቅ እያለች እንደነገረችኝ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል አልኩት። ሐጂ ኑር ከዘራቸውን ማሸት አቁመው ባለችው አንድ ዓይናቸው ብዙ አዩኝ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ ከእኔና ከሷ በቀር የሚያውቀው በሌለበት በአማርኛ፣ «ይሄ የሴት ቃል ነው፤ ጣራ በሌለው ቤት ዝናብ ሲገባ ዕቃ የምታነሣ ሴት» አሉ። ቀጥለው በሶማሊኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቃሉ የሐበሻው ነው። ሐበሻ ሽንኩርት ያመጣል፣ ዘፈን ያመጣል፣ ይሄዳል። በሐበሻ ቃል የሚቆጣ ሰው ሥራ ፈት ነው። ነገሩ አልቋል» አሉ። ጎረምሶቹም ሳቁ። «ሽንኩርቱ ባለቅኔ!» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። እስከ ዛሬ አንዳንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ እንዲያ ይጠራኛል።

ፋራህ መግቢያውን በእኔ ስም ቀዳው። ካሴቱ እሱ ዘንድ እስኪያልቅ ተሸጠ፤ ሰው አሁን በሰላም ሰማው፣ አንዳንዱም አለቀሰበት። ሳህራ ግን አላየችውም። ጋቢናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘግታ፣ ኡዱን ሳትነካ ትቀመጣለች። ሻሂ ስወስድላት አመሰግናለሁ አትልም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ልጅ ወልጄ ለጎረቤት ስም ሰጠሁት» አለችኝ። እኔም ያልወለድኩት አባ ሲለኝ ደስ አላለኝም።

ከዚያ መድፉ ወደ መሐል ከተማ ተጠጋ። ፖምፓውም እንደ አጋጣሚ ሆኖ መጣ። እሷንና ጎረቤቶቿን ከነፍራሻቸው ጭኜ ድንበሩ ላይ፣ ቶጎ ውጫሌ አወረድኳቸው። ያችው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ ተሰደደች። ስትወርድ ኡዷን አቅፋ የጋቢናውን በር ይዛ ቆመች።

«ስሜን አንተ ጋ አስቀምጬዋለሁ» አለች በዚያ በሾፌር አማርኛዋ። «ስለ ሰውየው የሚጠይቅህ ከመጣ ዝም በል፤ ያ ጠመንጃ ያለው ነው። ስለ ዘፈኑ የሚጠይቅህ ሲመጣ መልሰው።»

«መች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ጠርጣራ አይደለህ፤ ስታየው ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጦርነቱ ሲያልቅ መኪናው ተሸጠ፣ እኔ ተመልሼ እዚሁ ቀረሁ። የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ ጅቡቲ አይቻት ነበር አለ። አንዱ አገብታ ልጆች ወልዳለች፣ ዘፈን የሚባል አይነካካትም አለ። አንዱ ሞታለች አለኝ። እሱን እስከ ዛሬ አላምነውም፤ ፊቱም ውሸታም ፊት ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ካሴቱ የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። የማን ወገን ነበርክ፣ ማን ላከህ፣ ከሷ ጋር ምን ነበራችሁ። ሁሉም ስለ ሰውየው ነው። ዝም አልኳቸው፣ በዝምታዬም ባለቅኔነቴ ገነነ።

እና ይህች ኢፍራህ ሱቄ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያዘዝኩላትን ሻሂ እየጠጣች ነው። እኔ የማን ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ ካሴቱን ከማን እንደገዛች፣ አያቷ በዚያ ጦርነት የት እንደነበር እያገላበጥኩ ስጠይቃት መለሰችልኝ፤ አልተቆጣችም። ከዚያ ጊታሯን አወጣችና የጣራውን ዘፈን ጀመረች። ጥሩ ትጫወታለች። «ዝናቡም የገባ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷን አቆመች።

«አደር፣ ይሄ ቦታ አስቸገረኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ይጮኽ ነበር። ዜማው ለምንድን ነው ከፍ ሳይል የሚወርደው?»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲጠየቅ ያልሰማሁት ጥያቄ ነው። ጎማውን ደገፍ ብዬ ቆምኩ። «እኔም ጠይቄያት ነበር» አልኩ። «ዝናብ ጣራ የሌለው ቤት ሲገባ ቤተሰቡ አይጮኽም አለችኝ፤ ዝም ብሎ ዕቃ ያነሣል።»

«ማን ናት ያለችዎት?»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከጋቢናው እስከ ግራሩ። ስጨርስ ልጅቱ ጊታሯን ጎማው ላይ አስደገፈች። ከዚያ፣ «ግን እውነቱን ይንገሩኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ማን ረዳት?»

ደሜ ፈላ። «ያንቺንስ ማን ነው የሚጽፍልሽ?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ ይዛ ታሽከረክረው ጀመር። «ይቅርታ» አለች በመጨረሻ፤ ለእኔ አይመስለኝም ያለችው። ስልኳን አውጥታ መቅጃውን ከፈተች፣ ለአልበሟ መግቢያ የሚሆነውን አሁኑኑ እዚሁ ልቅዳው አለች። ከዚያ ትዝ ብሏት፣ «በአሮጌው ካሴት እጀምርና ወደኔ እሻገራለሁ፤ ሳሉን ግን በኮምፒውተር ላጠፋው እችላለሁ። ላጥፋው?» አለችኝ።

አሰብኩበት። ያ ሳል ሰው ሊያስገድል ነበር፣ ሰውም አትርፏል። ከዚያ ካሴት ውስጥ የእኔ የሆነው እሱ ብቻ ነው። «የማን እንደሆነ በይና ተይው» አልኳት።

ስልኩን አፏ ጋ አስጠጋች። ውጭ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ፤ እጄን አውጥቼ እንዲያልፍ ምልክት ሰጠሁት፣ ድሮ ፍየል እንዳባረርኩት።

«ቃል፦ ሳህራ» አለች። «ዜማ፦ ሳህራ። መጀመሪያ የዘፈነችው፦ ሳህራ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሳል፦ ተፈራ።»

በደንብ መቀዳቱን ላረጋግጥ ነው ብዬ መልሳ እንድታሰማኝ አደረግኳት። ልጠረጥራት አልነበረም፤ የሳህራን ስም በቦታው ደግሜ መስማት ፈልጌ ነው።